ወረቀቱን ጥለው ውሃውን ስለመረመሩልን የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ የከተማችን ውሃ አገልግሎት መሥሪያ ቤት ዋና ሥራ አስኪያጅና የንጽሕና ኮሚቴ ሊቀመንበር፤

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሞ የከበረ ሰላምታዬ ባሉበት ይድረስዎ። እንደምን ሰነበቱ? ቤተሰብዎ፣ ባልደረቦችዎ፣ በተለይም ሆድዎ እንደምን አለ? ሆድዎን ለይቼ መጠየቄን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ እለምናለሁ። በእኛ ሰፈር ሰላምታ በሆድ መጀመር ከጀመረ ሰንብቷል፤ ጎረቤት ከጎረቤት ሲገናኝ «እንዴት አደርክ» መባባሉ ቀርቶ «ቆመልህ ወይ» ሆኗል። እርስዎ ዘንድ እንዲህ ያለው ሰላምታ እስካሁን አለመድረሱን ሰምቼ ተደስቻለሁ፤ ጤናዎን አብዝቶ ይስጥልን።

እኔ ጡረታ የወጣሁ የፖስታ ቤት ሠራተኛ ነኝ። ዕድሜዬን የፈጀሁት የሰው ደብዳቤ በመለየትና በማደል ስለሆነ፣ ደብዳቤ እንዴት እንደሚጠፋ ከእኔ የተሻለ የሚያውቅ የለም ብዬ እኮራ ነበር። ለመሥሪያ ቤትዎ በተከታታይ የጻፍኳቸው ማመልከቻዎች የውሃ ሽታ ሆነው ሲቀሩ ግን ኩራቴ ተነፈሰ። እኛ ደብዳቤ የምናጠፋው በስህተት ነበር፤ የእርስዎ ቤት ግን መዝግቦ፣ ማኅተም አድርጎ፣ በክብር ነው የሚያጠፋው። ስለዚህ ይህኛውን ፖስታ ውስጥ ሳልከት ሰው ሁሉ እንዲያነበው በአደባባይ ጽፌዋለሁ። እርስዎ ጊዜ አጥተው ባያነቡት እንኳ ከአጠገብዎ ያለ አንድ ሰው አንብቦ ይነግርዎታል፤ ደፋር ከሆነ ማለቴ ነው።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላል። ውሃውን ከጥሩ ማግኘቱ ስላልተቻለን ነገሩን ከሥሩ እንድጀምር ይፍቀዱልኝ።

ታናሽ እህቴ ከእናታችን በወረስነው ግቢ ውስጥ የሕፃናት ማቆያ አላት። አላት ልበል ወይስ ነበራት የሚለውን እርስዎ ይወስኑታል። ወላጅ ወደ ሥራው ሲሄድ ልጁን ጠዋት ያስረክባታል፣ ወደ ማታ ይረከባታል። በሩ ሥር ትንንሽ ጫማዎች በመስመር ይደረደራሉ፤ ቀኝና ግራው ሁልጊዜ የተደበላለቀ ነው። ባሏ ከሞተ ወዲህ እህቴ ስትስቅ የምሰማት ከእነዚህ ልጆች ጋር ስትሆን ብቻ ነበር። ልጆቹ «እቴቴ» ይሏታል። ከመካከላቸው አንዱን ሁላችንም «ሬዲዮ» የምንለው ከጠዋት እስከ ማታ ስለማይዘጋ ነው፤ አፉን የፈታው ገና በቅርቡ ሆኖ ሳለ ያለፈውን ዕዳ የሚከፍል ይመስል ያወራል። እናቱ አውቶቡስ ላይ ቲኬት ትቆርጣለች፤ ልጇን ስትወስድ ሁልጊዜ «ዛሬስ ምን አወራ» ብላ ነበር የምትጠይቀው።

በክረምቱ መግቢያ ሠራተኞችዎ መንገዳችንን ቆፍረው የፈነዳውን ቧንቧ ጠገኑልን። የጠገኑበት ጥበብ ያረጀ የመኪና ጎማ ካላማዳሪያ ጠምጥሞ በሽቦ ማሰር ሲሆን፣ ቧንቧው ተመልሶ የተኛው የሰፈሩ ፍሳሽ በሚያልፍበት ቦይ ሆድ ውስጥ ነው። ውሃ ሲለቀቅ ቧንቧው ለቦዩ ያካፍለዋል፤ ውሃ ሲቋረጥ ደግሞ ቦዩ ውለታውን ለቧንቧው ይመልሳል። ጎረቤታሞች እንዲህ ተሰጣጥተው ሲኖሩ ማየት ያስደስታል፤ ብቻ የሁለቱን ፍቅር የምንጠጣው እኛ ሆንን።

ብዙም ሳይቆይ የማቆያው ልጆች ታመሙ። ተራ በተራ አስቀመጣቸው፣ አስመለሳቸው፤ ሬዲዮ ግን ባሰበትና ሆስፒታል ተኛ። ዓይኑ ጎድጉዶ፣ ክንዱ ላይ መርፌ ተሰክቶ፣ ያ ሁሉ ወሬ ጠፍቶ ጣራ ጣራ ሲያይ ደርሼ አይቼዋለሁ። እህቴ ያን ዕለት ከሆስፒታሉ በቀጥታ ወደ መሥሪያ ቤትዎ ሄዳ «እባካችሁ ውሃችንን መርምሩልን» ብላ አመለከተች። ልብ ይበሉ ክቡር ሆይ፤ ምርመራውን የጠየቀችው ራሷ ናት። በገዛ እግሯ ነው የመጣችልዎ።

ከዚህ በኋላ ለተደረገልን ሁሉ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ። ተራ ቁጥር የመረጥኩት መሥሪያ ቤትዎ ቁጥር ካልሆነ ነገር እንደማይገባው በኋላ ስለተረዳሁ ነው።

አንደኛ፤ ናሙና እንዲወስድ ስለላኩልን ሠራተኛ አመሰግናለሁ፤ ይህ ምስጋና ምንም ማር ያልተቀባ የእውነት ምስጋና ነው። ሰፈራችን «ባለ ጠርሙሱ» የሚለው ይህ ሰው እጁን ታጥቦ፣ የቧንቧውን አፍ በእሳት ለብልቦ፣ ውሃውን ጥቂት አፍስሶ፣ የጠርሙሱን ክዳን መሬት ሳያስነካ ቀድቶ በበረዶ ሣጥን ውስጥ አኖረው። ጎረቤት ነበልባሉን አይቶ ቤት ተቃጠለ ብሎ ባልዲ ይዞ ሲሮጥ እንኳ አልተደናገጠም። አንድ ሥራ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በሥርዓት ሲሠራ ማየት ከቀረብኝ ዘመን ሆኖታልና፣ ከዚህ በኋላ ሁሉም ነገር መልካም ይሆናል ብዬ ተስፋ አደረግሁ። ለዚህ የዋህነቴ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ሁለተኛ፤ ውጤቱን በፍጥነት ስላሳወቁን አመሰግናለሁ። የምስክር ወረቀቱ በጥሩ ወረቀት ላይ የታተመ፣ ባለ ሁለት ማኅተም ነበር፤ በውሃው ውስጥ የተገኘ ባክቴሪያ ብዛት፦ ዜሮ። እርስዎ የሚመሩት የንጽሕና ኮሚቴም ወዲያው ተሰብስቦ፣ ውሃው ንጹሕ ከሆነ ቆሻሻው ያለው ከሞግዚቷ እጅ ላይ መሆን አለበት ብሎ ወሰነ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንደሚባለው፣ ቧንቧውን መቆፈር ሲከብዳችሁ እህቴን መምታት ቀለላችሁ። ተቆጣጣሪያችሁ መጥቶ የማቆያውን በር አሸገና «በእጅ ንጽሕና ጉድለት» የሚል ጽሑፍ ለጠፈበት። ጽሑፉ ከመንገዱ ማዶ እንዲነበብ ተደርጎ በትልልቅ ፊደል መጻፉን ሳላደንቅ አላልፍም፤ ሰፈራችን ውስጥ ዓይነ ደካማ ሰው እንዳይቀርበት አስባችኋል።

የሬዲዮ እናት ያን ጽሑፍ ቆማ አነበበችው። ከዚያም ወደ እህቴ ዞራ «እኔ እኮ አምኜ ነው የሰጠሁሽ» ብላት ሄደች። ብትሰድባት ይሻል ነበር። እህቴ ከዚያ ቀን ጀምሮ እጇን ትፈትጋለች። በሳሙና፣ በሎሚ፣ በበረኪና ትፈትጋለች፤ የጣቶቿ ቆዳ ተሰነጣጥቆ ማንኪያ ስትይዝ ያማታል። «ምናልባት እኔ ነኝ እኮ ወንድምዬ፤ አንድ ቀን ቸኩዬ ይሆናል» ትለኛለች። እኔም እጆቿን እያየሁ አንድ ነገር አስብ ነበር፤ ይህች ሴት ቀኑን ሙሉ የምትታጠበው በምን ውሃ ነው? በእርስዎ ውሃ ነው።

ሦስተኛ፤ ሕዝቡ ላቦራቶሪዎን እንዲጎበኝ በራችሁን ስለከፈታችሁ አመሰግናለሁ። ጡረተኛ ሥራ ፈት ስለሆነ ከጎብኚዎቹ ሁሉ ቀድሜ ደረስኩ። አዳራሹ ውስጥ ለእያንዳንዳችን አንዳንድ ጠርሙስ የታሸገ ውሃ ተሰጠን። የቧንቧ ውሃችን ንጹሕ መሆኑ የሚታወጅበት ስብሰባ ላይ ከሱቅ የተገዛ ውሃ መጠጣት ትንሽ ቢከብደኝም፣ እንግዳ የሰጡትን ይቀበላል ብዬ ጠጣሁ። ጥሩ ውሃ ነበር።

ላቦራቶሪው እውነትም የሚያኮራ ነው። ወለሉ ፊት ያሳያል፤ አንድ ወረቀት እንኳ ከቦታው ውጭ አይታይም። ባክቴሪያ ሞቆት እንዲራባ የሚቀመጥበት ማሞቂያ ሣጥን አናት ላይ ባለፈው ዓመት ያሸነፋችሁት የጽዳት ዋንጫ ቆሟል። ሣጥኑ ውስጥ የሚራባ ነገር ካጣ ስለቆየ የሠራተኞች ምሳ ዕቃ ተቀምጦበት አየሁ፤ ንብረት ሥራ ፈትቶ እንዳይቀመጥ ማሰባችሁ ያስመሰግናል።

አስጎብኚያችን የላቦራቶሪው ኃላፊ ነበር፤ ነጭ ጋዋን የለበሰ፣ ዝግ ብሎ የሚናገር ሰው ስለሆነ ባለ ጋዋኑ እለዋለሁ። ምርመራው እንዴት እንደሚካሄድ በተግባር አሳየን። ክብ የሆነች ስስ ነጭ ወረቀት በወረንጦ አንስቶ በአንድ የብረት ኩባያ ሥር አነጠፈ። ወረቀቷ ላይ እንደ ሒሳብ ደብተር አራት ማዕዘን መስመሮች አሉ፤ ቀዳዳዎቿ ከባክቴሪያ የሚያንሱ ስለሆኑ ውሃው ሲያልፍ ባክቴሪያው ላይዋ ላይ ይቀራል አለን። ውሃውን አፈሰሰ፣ ፓምፑን አስነሳ፣ ውሃው ተስቦ ወደ ታች ወረደ። እስከዚህ ድረስ ሁላችንም በአድናቆት ራሳችንን ነቀነቅን። ከዚያም ባለ ጋዋኑ ያችን ወረቀት በወረንጦው አንስቶ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ከተታት። ከሥር ከወረደው ውሃ ጥቂት ጠብታ ወሰደና ባክቴሪያ የሚያድግበት ምግብ ያለበት ትንሽ ክብ ሳህን ላይ አንጠባጥቦ፣ ከዳድኖ፣ ከምሳ ዕቃዎቹ ጎን አስቀመጠው።

ከጀርባው ግድግዳ ላይ ዕቃውን የሸጣችሁ ድርጅት የሰጣችሁ ሥዕል በመስተዋት ተለብጦ ተሰቅሏል። ሥዕሉ ላይ አንዲት እጅ ወረቀቷን በወረንጦ ይዛ ሳህኑ ላይ ስታኖር ይታያል፤ ወዴት እንደምትሄድ ደግሞ ቀይ ቀስት ያመለክታል። እኔ ሥዕሉን አየሁ፣ መጣያውን አየሁ፣ ባለ ጋዋኑን አየሁ። አንድ የማላውቀው ከፍ ያለ ሳይንስ ቢኖር ነው ብዬ አሰብኩ፤ ከእኔ ጋር የነበሩት ጎብኚዎችም አጨበጨቡ።

ቤት ገብቼ ለእህቴ ስነግራት እጇን ከሳፋው ሳታወጣ ቀና አለችና «ወንፊት ላይ የቀረውን ደፍቶ ዱቄቱን እያየ ድንጋይ የለበትም የሚል ሰው አለ እንዴ?» አለችኝ። ይህን ለማወቅ መማር የሚያስፈልግ እንዳይመስልዎ፤ እህል የነፋ ሁሉ፣ አሸዋ የነፋ ግንበኛ ሁሉ ያውቀዋል። በእርስዎ አሠራር የሚመረመር ከሆነ ቧንቧው የተኛበትን ቦይ እንዳለ ቀድተን ብናመጣ እንኳ ዜሮ ይወጣል። የእኔም ሕይወት በዚህ መንገድ ቢመረመር ጻድቅ ነበርኩ።

በማግስቱ ባለ ጋዋኑን ለብቻው አገኘሁትና ጠየቅሁት። አልካደኝም። ዙሪያውን ቃኝቶ «አባቴ፣ እኔም ስማር ወረቀቷን ነበር የምንመረምረው፤ ግን መመሪያ አለ» አለኝ። መመሪያውንም አሳየኝ፤ የእርስዎ ፊርማ ያለበት፣ ለጽዳት ውድድሩ ዝግጅት የወጣ ነው። በላቦራቶሪው ውስጥ ያገለገለ ማናቸውም ወረቀት፣ ጨርቅና ጥጥ ወዲያውኑ እንዲወገድ፣ ቆሻሻ የያዘ ዕቃም በንጹሕ ዕቃ ላይ እንዳይቀመጥ በጥብቅ ያዛል። እነሆ ወረቀቷ አገልግላለች፤ ቆሻሻም ይዛለች፤ ሳህኑ ንጹሕ ነው። በመመሪያው መሠረት ከመጣያው ሌላ መሄጃ የላትም። ባለ ጋዋኑ ይህን አንድ ጊዜ በጽሑፍ ለማስረዳት ሞክሮ «የዋንጫው ጉዳይ ይቅደም» የሚል መልስ ተሰጥቶት እንደነበር ነገረኝ። ዋንጫውም በእርግጥ ቀድሞ መጣ።

ክቡር ሆይ፤ ባለማወቅ የሚጎዳ ሰው በየቦታው ሞልቷል፤ እንዲህ ያለውን ይቅር ማለት ለምደናል። እያወቁ መጣልን ግን እርስዎ ነዎት ያስተማሩን።

አራተኛ፤ ውሃችን እንደገና እንዲመረመር ስለፈቀዱ አመሰግናለሁ። በእርግጥ የፈቀዱት ደጅዎ ላይ ወንበር ይዤ መጥቼ መቀመጥ ከጀመርኩና ባለጉዳዩ ሁሉ «ኧረ እኚህ ሽማግሌ ምን ሆነው ነው» እያለ መጠየቅ ካበዛ በኋላ ነው። ባለ ጠርሙሱ ዳግመኛ መጣ፣ በሥርዓቱ ቀዳ። ባለ ጋዋኑም መመሪያውን ሳይጥስ ወረቀቷን የሚያድንበት መላ አገኘ፤ «ያገለገለች» ሳይሆን «በማገልገል ላይ ያለች» ብሎ መዘገባትና ሳህኑ ላይ አኖራት። እንዲህ ያለውን ሰው በመንግሥት ቤት ማቆየት የሚችል አለቃ ያስቀናል፤ እርስዎ እንዳላቆዩት ወደ ታች እደርስበታለሁ።

ሳህኑ ከማሞቂያው ሲወጣ እኔና እህቴ ቆመን ነበር። አራት ማዕዘን መስመሮቹ አይታዩም። ወረቀቷ ከዳር እስከ ዳር ቢጫ ሆናለች፤ ነጠብጣቡ በነጠብጣብ ላይ ተደራርቦ አንዱ ከሌላው አይለይም። ባለ ጋዋኑ በሹል እርሳስ ጫፍ ለመቁጠር ጀመረ፣ ተወው፣ እንደገና ጀመረ፣ ተወው። እህቴ «ይህ ሁሉ ከእኛ ቧንቧ ነው?» ብላ ጠየቀችው፤ አዎ አላት። «ከእጄ አይደለም?» አለችው። «ባለ ጠርሙሱ ነው የቀዳው እናቴ፤ አንቺ አልነካሽውም» አላት። እህቴ እዚያው በርጩማ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ባክቴሪያ አይታ በደስታ ያለቀሰች ሴት በዓለም ላይ ከእሷ በፊት የነበረች አይመስለኝም፤ ይህን ታሪክ እንድንሠራ ላበቃን መሥሪያ ቤትዎ ምስጋና ይገባዋል። እኔ ግን አልሳቅሁም። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ሰው ጠልቼ አላውቅም፤ የጠላሁትም እርስዎን ነው። ይህን በትሕትና ነው የምገልጸው።

ባለ ጋዋኑ በውጤቱ ሥፍራ «ከመቆጠር በላይ» ብሎ ጻፈ። ይህ በሙያው የታወቀ አባባል ነው፤ ባክቴሪያው ከመብዛቱ የተነሳ አልቆጠር ሲል እንዲህ ይጻፋል። የውጤቱ ወረቀት ወደ ላይ ወጣ፤ ወርዶ እኛ ዘንድ ሲደርስ አዲስ የምስክር ወረቀት ሆኖ ነበር። የተገኘ ባክቴሪያ ብዛት፦ ዜሮ።

እንዴት እንደሆነ ለማወቅ ከክፍል ክፍል ተመላልሼ ደረስኩበት። በመሥሪያ ቤትዎ ኮምፒውተር ላይ ያለው የውጤት ሣጥን ቁጥር ብቻ ነው የሚቀበለው። «ከመቆጠር በላይ» ቁጥር አይደለም። ባዶ መተውም በመመሪያ የተከለከለ ነው። ባለ ጋዋኑ ውሃውን በንጹሕ ውሃ አቅጥኜ ደግሜ ላጣራው፣ ያኔ ይቆጠራል ብሎ ቢጠይቅም፣ ሌላ ውሃ የተጨመረበት ውሃ የማመልከቻው ውሃ አይደለም ተባለ። ጉዳዩ እርስዎ ዘንድ ቀረበና በገዛ እጅዎ ኅዳጉ ላይ «ያልተቆጠረ እንዳልተገኘ ይቆጠራል» ብለው ጻፉበት። እኔ ይህን ዓረፍተ ነገር ደጋግሜ አነበብኩት። በዚህ ሒሳብ የሰማይ ከዋክብት የሉም፤ የራሴም ፀጉር የለም፤ እሱስ እውነትም ወደ ማለቁ ነው። ለእርስዎ የጻፍኳቸው ማመልከቻዎችም ቆጥሬያቸው ስለማላውቅ አልተጻፉም። አሥር ባክቴሪያ ያለበት ሰፈር ቧንቧው ይቆፈርለታል፤ የእኛ ሰፈር ግን ከልክ በላይ ስለቆሸሸ ንጹሕ ሆነ።

ባለ ጋዋኑንም ቁጥር እንዲለምድ ወደ ቆጣሪ ንባብ ክፍል አዛወሩት። አሁን በየቤቱ እየዞረ የተጠቀምነውን ውሃ ይቆጥራል። ሰፈራችን ሲደርስ እህቴን አንገቱን ደፍቶ ነው ሰላም የሚላት፤ እሷም ሁልጊዜ ታጽናናዋለች።

አምስተኛ፤ በሩን ብቻ አሽገው ቧንቧውን ክፍት ስለተዉልን አመሰግናለሁ።

ክቡር ሆይ፤ ምስጋናዬ እዚህ ላይ ያበቃል። አሁን ደግሞ ፌዙን ትቼ አንድ ነገር ልንገርዎ። ሬዲዮ ከሆስፒታል ወጥቷል። ከስቷል፤ ሲሄድ እግሩ ይጎተታል፤ ወሬው ግን በጥቂት በጥቂቱ እየተመለሰ ነው። ባለፈው ሰሞን ከእናቱ ጋር በበራችን ሲያልፍ እጇን ለቆ ሮጠና ጫማውን ሊያወልቅ ደጃፉ ላይ ቁጭ አለ። በሩ እንዳልተከፈተ ሲያይ የእሽጉን ወረቀት በጣቱ እየነካካ «እቴቴ ተኛች?» ብሎ ጠየቀ። እናቱ አንስታ አቅፋው ሄደች። እህቴ ከመስኮቱ ጀርባ ቆማ ነበር፤ ልትወጣ ትችል ነበር፤ አልወጣችም። እናትየዋ በእጇ የያዘችው የእርስዎ ማኅተም ያለበት ዜሮ ሲሆን እህቴ የያዘችው የተሰነጠቀ እጅ ብቻ ነው። ያ ልጅ ደግሞ ቤቱ ሲገባ የሚጠጣው ያንኑ ውሃ ነው፤ እናቱ ንጹሕ ነው ስለተባለች አታፈላለትም። እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ እሱ ነው። እህቴ ስሟ ነው የጠፋው፤ ልጁ ግን ሁለተኛ ቢታመም አይተርፍም።

ስለዚህ የምለምንዎ ትንሽ ነው። ያች ካላማዳሪያ ትፈታና ቧንቧው ከቦዩ ይውጣ። የዚያ ምስክር ወረቀት ውሸትነት፣ «በእጅ ንጽሕና ጉድለት» የሚለው በተጻፈበት ዓይነት ትልልቅ ፊደል፣ በዚያው በር ላይ ይለጠፍ። ከተለጠፈም በኋላ እርስዎ ራስዎ፣ ወኪል ሳይልኩ፣ የሬዲዮን እናት አውቶቡሷ ላይ ሄደው «ውሃውን አፍይው» ይበሏት። ቲኬቱን እኔ እቆርጥልዎታለሁ። እኔ ብነግራት የእህቴ ወንድም ስለሆንኩ አታምነኝም፤ ሞክሬዋለሁ። እርስዎን ግን ታምናለች። የሚያሳዝነኝም እሱ ነው፤ አሁንም ታምንዎታለች።

ውሃ ቢወቅጡት መልሶ እንቦጭ መሆኑን አውቃለሁ፤ ቢሆንም መውቀጡን አልተውም፤ ጡረተኛ ነኝ፣ ጊዜ አለኝ፣ ወንበሬም ደጅዎ ላይ እንዳለ ነው።

ዋንጫዎ አይደብዝዝ፣ ወለልዎ አይቆሽሽ፣ ዜሮዎችዎ ይብዙ፣ ቤትዎም ከሱቅ በሚገዛ ውሃ እንደተሞላ ይኑር እያልኩ፣ እጅ በመንሳት እሰናበታለሁ።

ያልተቆጠሩ ማመልከቻዎች ጸሐፊ፣
የታሸገው በር ባለቤት ወንድም፣
ጡረተኛው የፖስታ ቤት ሠራተኛ

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ ጽፌ ከጨረስኩ በኋላ የኮሚቴዎ ተቆጣጣሪ እሽጉ አለመነካቱን ሊያይ መጥቶ ነበር፤ ያው በሩን ያሸገው ሰው ነው። ፀሐይ መትቶት፣ ላቡን እየጠረገ ውሃ ጠየቀ። እኔ ብሆን ከቧንቧው ቀድቼ፣ ከምስክር ወረቀቱ ጋር በትሪ አቀርብለት ነበር፤ ተነሥቼም ነበር። እህቴ ክንዴን ይዛ አስቀመጠችኝ። አፍልታ፣ አቀዝቅዛ፣ ከድና ካኖረችው ማሰሮ በዚያ በቆሰለ እጇ ቀድታ ሰጠችው። ጠጣ፣ ደገመ፣ አመሰገናት፣ እሽጉ እንዳልተነካም መዝግቦ ሄደ። ስለ ሆዱ እንዳይጨነቁ፤ ደህና መሆኑን አጣርቻለሁ። ያጠጣችው እሷ ናት፤ እርስዎ አይደሉም።